ቁጡ አስጎብኚ የሚፈልግ ሰው

ቁጣዬን የማይችል ሰው ይቅርብኝ እያልኩ ሃያ ዓመት በስሜን ተራሮች ላይ እንግዳ መርቻለሁ። በ2007 ዓ.ም. ግን የሚቀርብኝ ሰው ራሱ ጠፋ። ፈረንጁ ሁሉ ገና ከአገሩ ሳይነሳ አስጎብኚውን በኢንተርኔት መርጦ ይመጣል፤ ደባርቅ ሲደርስ "እገሌ የታለ?" ነው የሚለው። ደምለው የታለ የሚል አንድም አልነበረም። በስሙ ያልተጠራ አስጎብኚ ደግሞ የአስጎብኚዎች ማኅበሩ በረንዳ ላይ ፀሐይ ሲሞቅ ይውላል። የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው ማለት እኔ ነኝ።

ምክንያቱን አውቀዋለሁ። ከሦስት ዓመት በፊት አራት ጎረምሶች ይዤ ከአምቢኮ መንደር ወደ ራስ ደጀን ስንወጣ፣ ጫፉ ሊደረስ የአንድ ሰዓት መንገድ ሲቀር ጉም ወረደ። ተመለሱ አልኩ፣ እንቢ አሉ። ጮኽኩባቸው፣ ጮኹብኝ፤ እየነዳሁ አወረድኳቸው። ደባርቅ ሲገቡ ማኅበሩ መዝገብ ላይ "ይህ ሰው ቁጡ ነው" ብለው ጻፉልኝ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባል የለ? መዝገቡም እኔን አልለቀቀኝም፤ ያነበበ እንግዳ ሁሉ ወሬውን ወደ አገሩ ይዞት ሄደ።

ዳባት ወፍጮ ቤት ያለው የሚስቴ ወንድም አሻግሬ ይህን ሰምቶ "እስከ ጥምቀት አስብና ና፤ ወፍጮውን አንተ ትይዛለህ" አለኝ። ሚስቴ ጤናዬ ደስ አላት። እኔ ግን ቀኑን ሙሉ ዱቄት እየማግሁ ተራራውን በሩቁ እያየሁ መኖር አልሻም። እስከ ጥምቀት በስሜ የሚጠራኝ አንድ ሰው ካልመጣ ምን ምርጫ አለኝ?

ስለዚህ ትሕትና ዘንድ ሄድኩ። መናኸሪያው አጠገብ ኢንተርኔት ቤት ያላት፣ ምላሷ የፈጠነ ልጅ ናት። ሙያተኞች ራሳቸውን የሚያስተዋውቁበት ድረ ገጽ ላይ ዓምና የከፈተችልኝን ፕሮፋይል አወጣችና ሳቀች።

"ጋሼ ደምለው፣ ይህን ፎቶ ማን አነሳዎት?"

ፎቶ ቤት ነዋ፣ በሠርጌ ኮትና በተውሶ ክራቫት። ከኋላዬ ግድግዳ ላይ የተሳለ ፏፏቴ አለ። ምን ያስቃል? ቀጥላ ጽሑፉን አነበበችልኝ፦ "ደምለው እባላለሁ። መንገዱን ትንሽ ትንሽ አውቃለሁ። ከእኔ የሚሻሉ ብዙ አሉ።"

"ታዲያ ይህን ያነበበ ሰው የሚሻሉትን ይጠራል እንጂ እርስዎን ለምን ይጠራል?"

"ጎበዝ ነኝ ልበል? አላፍርም?"

እኛ አገር ሰው ራሱን አያመሰግንም። ሲጠየቅ አንገቱን ይደፋል፤ አጠገቡ ያለው ነው "ኧረ እሱ ጎበዝ ነው" የሚልለት። ትሕትና ይህን ከቁብ ሳትቆጥር ራሷ ጻፈችልኝ፦ "በዓለም ደረጃ የታወቀ፣ ዳይናሚክ፣ ለደንበኞቹ ሁሉንም የሚቻል የሚያደርግ መሪ።" ቱግ አልኩ። ማን ነው በዓለም ደረጃ የሚያውቀኝ? ዳባት እንኳ የምታወቀው በአሻግሬ ነው። አጥፊው አልኳት።

አጠፋችውና ተነፈሰች። "እሺ፣ ሌላ ሰው ይመስክርልዎ። እዚህ ጋ ለምስክር የሚሆን ቦታ አለ። በደንብ የሚያውቅዎትን ሰው ያምጡ።"

እንዲህ በይኛ! በደንብ የሚያውቀኝ የነፍስ አባቴ ናቸው። በማግስቱ አባ ወልደ ሩፋኤልን ይዣቸው መጣሁ። ትሕትና ብድግ ብላ መስቀል ተሳለመችና ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለች። "እኔ ያልኩት እኮ የሥራ ባልደረባ ነው።"

አባ ግን ወንበሩ ላይ ተደላድለዋል። "ልጄ፣ በንስሐ የሰማሁትን አልናገርም፤ በአደባባይ ያየሁትን ግን እናገራለሁ። ጻፊ" አሉ ቀስ ብለው። "ደምለው ቁጡ ነው።"

"ኧረ አባ" አልኩ።

"ጻፊ። ጉም ሲወርድ ይቆጣል። ተመለሱ ካለ፣ ሳይመልስ አይለቅም። ያን ጊዜ ጎረምሶቹ እየሰደቡት በደጀ ሰላሙ በኩል ሲያልፉ ቆጥሬያቸዋለሁ፤ አራት ሄደው አራት ተመለሱ። ይዞ የወጣውን ሁሉ መልሶ አግብቷል። በቃ።"

ትሕትና በእንግሊዝኛ አድርጋ አስገባችው። ባለፏፏቴውንም ፎቶ አንስታ በስልኳ ደጅ ላይ ያነሳችኝን ለጠፈችበት። እኔ አኩርፌ ወጣሁ። በገዛ እግሬ ሄጄ ያመጣኋቸው ምስክር መዝገቡ ያለውን አጸኑብኝ። ጤናዬንም ለአሻግሬ እመጣለሁ በይው አልኳት።

ጥምቀት ሦስት ቀን ሲቀረው ትሕትና ቤቴ ድረስ መጣች። አንዲት ሴት ከባሕር ማዶ ጽፋለች፦ "አባቴ ሰባ አንድ ዓመቱ ነው። ጉልበቱ ደክሟል፤ ግትርነቱ ግን አልደከመም፣ ራስ ደጀን ካልወጣሁ ይላል። የጻፍኩላቸው ሁሉ 'ሁሉም ይቻላል' አሉኝ። እኔ የምፈልገው ተቆጥቶ የሚመልሰው ሰው ነው። ቄሱ የመሰከሩልዎ ደምለው እርስዎ ነዎት?"

"ነኝ በያት" አልኩ። ጤናዬን ደግሞ፣ ለአሻግሬ ትንሽ ይታገሠኝ በይው አልኳት።

ከጥምቀት በኋላ አባትና ልጅ መጡ። ሽማግሌው ገና ጉዞው ከሚጀመርበት ከቡይት ራስ ጀምሮ ቀስ በል ስለው ጥሎኝ ይሄዳል። ከአምቢኮ በላይ ሦስት ሰዓት ያህል እንደወጣን ጉልበቱ ከዳው። ጫፉ ፊት ለፊታችን ነው። እንመለስ ካልኩት፣ በዚህ ዓመት በስሜ የተጠራሁለት አንድ ሰው እሱም መዝገብ ላይ ሊጽፍብኝ ነው። ይጻፈው፤ እንመለስ አልኩ። በአገሩ ቋንቋ ወረደብኝ፤ እኔም በአማርኛ ወረድኩበት። ልጁ ድንጋይ ላይ ቁጭ ብላ እኛን ታያለች። ሁለታችንም ሲደክመን ክንዴን ያዘና ቁልቁል ዞረ። እስከ አምቢኮ እንዳኮረፈ ወረደ።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ትሕትና አስጠራችኝ። ከአባ ምስክርነት ሥር ሽማግሌው ራሱ ጽፏል፦ "ተቆጣኝ። ቤቴ በእግሬ ገባሁ።" ከዚያ በታች ደግሞ ሁለት ሰዎች ደምለው መቼ ይመቸዋል ብለው ጠይቀዋል።

አባ ሲሰሙ "ነገር በሁለት ምስክር አፍ ይጸናል" ብለው ራሳቸውን ነቀነቁ። እኔ አሻግሬ ጋ ደወልኩ። ለወፍጮው ሌላ ሰው ፈልግ ስለው ስልኩ እስኪሰነጠቅ ጮኸብኝ። እስኪጨርስ ሰማሁት፤ ቁጡ ሰው ክፉ እንዳይደለ የማውቀው እኔ ነኝ።