ለቢያዝን የተሳለው በሬ

መምህር ወልደ ዮሐንስ ቢያዝንን የገደለው አንድ ማክሰኞ ከምሳ በፊት ነበር። ብዕሩን አስቀምጦ ወደ ማዕድ ሲቀርብ ፊቱ ፈክቶ ያየችው ሚስቱ ሰብለ ወንጌል፣ «ምነው፣ ዛሬ ደስ ብሎዎታል?» አለችው።

«አንድ ሰው ገደልኩ» አላት።

«እሰይ! እንግዲያስ እጅዎን ይታጠቡና ይብሉ።»

ታጥቦ በላ። የበግ ወጥ ነበር፤ ሁለተኛ አስጨለፈ።

ወልደ ዮሐንስ ቀን ቀን ጎንደር ከተማ ተማሪ ቤት ያስተምራል፤ በተረፈው ጊዜ «ሰማያዊው ዘመቻ» የሚል ተከታታይ ልብ ወለድ ይጽፋል። በታሪኩ ውስጥ፣ ገና በሚመጣው ሺህ ዓመት፣ ዘጠኝ መቶ የጠፈር መርከቦች ከኢትዮጵያ ተነሥተው በቀይ ኮከብ የተማረኩትን ክርስቲያኖች ለማስፈታት ይዘምታሉ። ደራሲው የቅኔ ተማሪ ስለነበረ፣ መርከብ መሥራት ሲያቅተው ቤተ ክርስቲያን ሠራ። እያንዳንዱ መርከብ ቅኔ ማኅሌት፣ ቅድስትና መቅደስ አለው። ሞተሩ መቅደሱ ውስጥ ነው፤ መካኒኮቹም ጫማቸውን አውልቀው ይገባሉ። ሩሲያ ሰው ወደ ጠፈር ላከች ተብሎ በራዲዮ በተወራ ሰሞን የመጀመሪያው ክፍል ወጥቶ እጅ በእጅ አለቀ።

ከጦርነት ግን የሚያውቀው በጣሊያን ጊዜ ገዳም ተሸሽጎ ከሩቅ የሰማውን ተኩስ ብቻ ነው። ተኩስ ደግሞ ከሩቅ ሲሰሙት እንደ ከበሮ ደስ ይላል። መጽሐፎቹም እንደዚያው ነበሩ።

የታሪኩ ጀግና የወገራው ቢያዝን ነው። ሁለተኛው ክፍል እንደታተመ አንድ የወገራ ጎረምሳ መጽሐፉን በጋቢው ጠቅልሎ ደራሲው ቤት ድረስ መጣ። ቄስ ትምህርት ቤት ፊደል የቆጠረ፣ ዓይነ አፋር ልጅ ነው።

«እኔም ስሜ ቢያዝን ነው» አለ። «ውትድርና ልግባ ወይስ ከአባቴ ጋር ልረስ እያልኩ ተቸግሬያለሁ። እርስዎ ምን ይመክሩኛል?»

ወልደ ዮሐንስ ልቡ አበጠ። የገዛ ጀግናው በሩ ላይ ቆሞ ምክር ሲለምነው የማይኮፈስ ደራሲ የት ይገኛል? መጽሐፉ ላይ ፈረመለትና፣ «ስምህ ዕጣህ ነው» አለው። ልጁ እጅ ነሥቶ ሄደ። ደራሲው በማግሥቱ ረሳው።

ሦስተኛውን ክፍል ሲጀምር አሳታሚው፣ «ሸጋ ነው፤ ግን እስካሁን ማንም አላለቀሰበትም» አለው። ወልደ ዮሐንስም ሰው ይልቀስ ብሎ ቢያዝንን ገደለው። የዘመቻው ጦር በጠባቡ የሰማይ በር ሲያልፍ ቢያዝን ደጀን ሆኖ ይቀራል፤ ከነመርከቡም ይቃጠላል።

መጽሐፉ ታትሞ እንደደረሰው አንዱን ቅጂ በቦርሳው ይዞ በቅዳሜው የገበያ ቀን ወደ ወገራ፣ አምባ ጊዮርጊስ ሄደ። የአገሩ ሰው፣ ይምጡና መጨረሻውን ራስዎ ያንብቡልን ብሎ ከላከበት ሰንብቷል። ከአውቶቡስ ሲወርድ አንድ ሽማግሌ ገበሬ ሮጠው ቦርሳውን ተቀበሉት።

«በላቸው እባላለሁ። የቢያዝን አባት ነኝ።»

በመጽሐፉ ውስጥ ቢያዝን አባት የለውም፤ ስለዚህ ወልደ ዮሐንስ ለጊዜው ግራ ገባው። ኋላ ያ ልጅ ትዝ አለው።

«የት ነው አሁን?»

«ኮንጎ ዘመተ። እርስዎ ስምህ ዕጣህ ነው ካሉት ወዲያ ማን ይመልሰው? እኔም ተረት መሆኑ ጠፍቶኝ አይደለም። ግን የተማረ ሰው አፍ ዝም ብሎ አይናገርም ብዬ ሁለቱን አንድ ላይ አሰርኳቸው። የመጽሐፉ ቢያዝን በደህና ከገባ የኔም ይገባል ብዬ ለጊዮርጊስ ተስያለሁ።»

ወልደ ዮሐንስ ቦርሳውን መልሶ ሊቀበላቸው እጁን ዘረጋ፤ በላቸው ግን እንግዳ ቦርሳ አይሸከምም ብለው እምቢ አሉ።

ገበያው ሲፈታ ሰው በበላቸው ግቢ፣ ወይራው ጥላ ሥር ተሰበሰበ። የቢያዝን እናት ትርንጎ ደጃፉ ላይ ጉንጯን ደግፋ ተቀመጠች። ወልደ ዮሐንስ ማንበብ ጀመረ። ጠባቡ የሰማይ በር ጋ ሲደርስ ቀና ብሎ አየ። በላቸው ዓይናቸውን ጨፍነዋል፤ ከንፈራቸው ግን ይንቀሳቀሳል።

ዓረፍተ ነገሩ ከፊቱ ነው፦ «መርከቢቱ ነደደች፤ ከቢያዝንም አመድ እንኳ አልተገኘም።» ሲጽፈው ደስ ያለው ዓረፍተ ነገር ነው። አሁን ጣቱን ጋረደበት።

«መርከቢቱ ነደደች» ብሎ አነበበ። የቀረውን ከራሱ ፈጠረ። «ቢያዝን ግን ከእሳቱ ወጣ፤ አገሩም ገባ፤ እናቱ በር ላይ ቆማ ተቀበለችው።»

ትርንጎ እልልታዋን አቀለጠችው። በላቸው ብድግ ብለው እጃቸውን ወደ ሰማይ ዘረጉ።

«ጊዮርጊስ ሆይ፣ ስለቴ ሰመረ! ነገ ያንተው ቀን ነው፤ ቦራን አስገባለሁ!»

ቦራ ማን እንደሆነ ወልደ ዮሐንስ የገባው በማግሥቱ ጠዋት ነው። ግንባሩ ነጭ የሆነ የእርሻ በሬ ነው፤ በላቸው ካላቸው ሁለት በሬ አንዱ። ገመዱን ይዘው ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ሲሄዱ ደራሲው ቦርሳውን አንግቶ ከጎናቸው ይራመዳል። ሌሊቱን ዓይኑ አልተከደነም። በሬው ሳይታረድ እውነቱን እነግራቸዋለሁ ብሎ ምሎ ነበር የወጣው።

«እርሻውስ? በአንድ በሬ እንዴት ያርሳሉ?» አለ።

«ከጎረቤቴ ከአድማሴ ጋር መቀናጆ እገባለሁ። እሱም ያለው አንድ ነው፤ አቀናጅተን በተራ እናርሳለን። ከልጅና ከበሬ ምን ያማርጣሉ?»

«አያ በላቸው…»

«አቤት፣ መምህር።»

የቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ታየ። ሰው ከበላይም ከበታችም እልል እያለ ይመጣል።

«…ቦራ ስንት ዓመቱ ነው?»

«እንጃ። ከጥጃነቱ ያሳደገው ቢያዝን ነው።»

ወልደ ዮሐንስ ፈሪ ነበር፤ ድሮም ገዳም የተሸሸገው በጸሎት ብዛት አይደለም። በሬው ሲታረድ ከሰው ኋላ ቆመ። አፈረ። እስከ ዛሬ ብዙ ሺህ ሰው በብዕሩ ጨርሷል፤ የአንድ በሬ ደም ግን ማየት አቃተው።

ከቅዳሴ በኋላ ካህናቱና ድሆቹ ከቅጥሩ ውጭ ተቀምጠው በሉ። በላቸው ምርጡን ሥጋ ከደራሲው ፊት አስቀምጠው አጠገቡ ተቀመጡ። ከኪሳቸውም የልጃቸውን ደብዳቤ አወጡ።

«ካህኑ አንብበውልኛል። ሦስተኛው ክፍል ሲወጣ ላኩልኝ፣ መጨረሻዬን ልወቀው ይላል። ነገ ወደ ኮንጎ የሚሄድ ወታደር አለ፤ ይቺን ይዘዋት የመጡትን መጽሐፍ ልስጠው።» እጃቸውን ወደ ቦርሳው ሰደዱና መጽሐፉን አወጡ።

«አይሆንም» አለ ወልደ ዮሐንስ።

«ምነው? ዋጋዋን እከፍላለሁ።»

«ያነበብኩልዎ እዚያ ውስጥ የለም። ዋሸሁዎ። እዚያ ውስጥ ቢያዝን አይመለስም።»

በላቸው መጽሐፉን አገላብጠው አዩት። ማንበብ አይችሉም።

«ሞተ?»

«ሞተ።»

«ማን ገደለው?»

ወልደ ዮሐንስ በሦስት መጽሐፍ ስንት ጠላት ፈጥሯል፤ ባለ ክንፍ፣ ባለ እሳት፣ ባለ ሰባት ራስ። በዚያች ሰዓት የሚያሳብብበት አንድም አልመጣለትም።

«እኔ ነኝ» አለ። «እኔ ነኝ፣ አያ በላቸው።»

ሽማግሌው ዓይን ዓይኑን አዩት።

«ምነው?» አሉ። «ምን አረገህ?»

ወልደ ዮሐንስ መልስ ፈለገ። የመጣለት ያ ማክሰኞ ነው፤ የአሳታሚው ቃል፣ የሚስቱ «እሰይ»፣ የበግ ወጡ። ይህ ለአባት አይነገርም።

ወዲያ ማዶ ትርንጎ ከሴቶቹ መካከል ትስቃለች። በላቸው አዩዋት፤ መጽሐፉንም ቀስ ብለው ጋቢያቸው ውስጥ ሸሸጉት።

«ድምፅህን ቀንስ» አሉ። «እሷ እንዳትሰማ። ብላ። ሳትበላ ካየችህ ምን ሆነ ብላ ትጠይቃለች።»

ወልደ ዮሐንስ ጎረሰ። አላምጦ ዋጠ። ደግሞ ጎረሰ።

ትርንጎ ቀና ብላ አየችው።

«ምነው ዝም አላችሁ?» ብላ ተጣራች። «ለመምህሩ ጨምሩላቸው እንጂ!»