መኪና በክረምት ይገዛል

መጀመሪያ የተሰማው ሳል ነበር። ሁለቴ ደረቅ ሳል፣ ከዚያ ረጅም ማጓራት፣ ከዚያ እየሰከነ የሄደ ጉርምርምታ። ገና ስላልነጋ ከመስኮቱ ውጪ ምንም አይታይም። አጎቴ በካልሲው ቆሞ፣ መጋረጃውን ሳይገልጥ፣ ዓይኑን ጨፍኖ ያዳምጣል።

«አንዱ ሲሊንደር ትንሽ ይሰንፋል» አለ። «ሌላው ደህና ነው።»

የጎረቤታችን የመምህሩ መኪና ነች። ሊሸጣት ማሰቡን ከነገረን ጀምሮ ቤታችን ውስጥ ሌላ ወሬ የለም። አጎቴ መካኒክ ነው፤ የመኪና ሕመም በድምፅ ስለሚለይ ሰፈሩ «ጆሮ» ይለዋል። መኪናም እንደ ሰው ከእንቅልፏ ስትነሳ ካልሰማሃት አታውቃትም ባይ ነው። ስለዚህ ማለዳ ማለዳ መስኮቱ ሥር ይቆማል። እኔም አብሬው እቆማለሁ። የምነዳት እኔ ነኝ ከተባለ ወዲህ ከእንቅልፍ ጋር ተኳርፈናል።

ገዢዋ ግን እህቴ ናት። መጋረጃ ሰፊ ነች። ከከተማው ወዲያ ጫፍ የተከፈተ ክሊኒክ የክፍሎቹን መጋረጃ በሙሉ ሰጥቷታል፤ ሥራው ክረምቱን ሁሉ የሚዘልቅ ነው። የረጠበ ጨርቅ አንቀበልም ብለዋታል። እስካሁን ጥቅሉን በታክሲ ነበር የምናመላልሰው፤ ረዳቱ ጥቅሉን ባየ ቁጥር «የተኛው ሰውዬም ይከፍላል» ይለናል። ዝናቡ ሳይገባ መኪና ካላገኘች ሥራው ከእጇ መውጣቱ ነው።

«አጎቴ፣ ዛሬ እንቁረጠው» አለችው ቁርስ ላይ።

«በበጋ መኪና የሚገዛ ሞኝ ነው። በበጋ ሁሉም መኪና ጤነኛ ነው። ክረምት ሲገባ ጣሪያዋ ያፈሳል፣ መጥረጊያዋ ይለግማል፣ ባትሪዋ ይደክማል፤ ጉዷ ሁሉ ይወጣል። ገበያውም ይቀዘቅዛል። ያኔ ሻጩ ራሱ ይለምንሻል።»

«እኔ የምፈልጋት ለክረምቱ እኮ ነው።»

«ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል።»

«መች ሮጥኩ? ጥቅሉ ትከሻዬ ላይ ሆኖ እያዘገምኩ ነው።»

እናቴ ሻይ እየቀዳች መሃል ገባች። «ታገሺው ልጄ፣ ሥራው ነው፣ ያውቃል።»

እህቴ ተነስታ ወደ ስፌት መኪናዋ ተመለሰች። ስለ ሞተር የሚያውቅ ከእሱ ሌላ አልነበረንም።

ከዚያ በኋላ ሰማይ ማየት ሥራዬ ሆነ። ቤት ውስጥ መቀመጥ አቃተኝ፤ ወጥቼም የትም አልሄድም፣ የመምህሩን በር አልፌ እመለሳለሁ። አልጋ ላይ ተጋድሜ ማርሽ እቀይራለሁ። ደመና ሲጠቁር ደስ ይበለኝ ወይ ይክፋኝ አላውቅም፤ ዝናብ ከመጣ መኪናዋ ትገዛለች፣ ዝናብ ከመጣ ጨርቁ ይረጥባል።

ዝናቡ መጣ። በማግስቱ ከሰዓት መምህሩ ጃንጥላውን እያራገፈ ቤታችን ገባ።

«ዋጋ ሊቀንስ ነው» ብሎ አጎቴ በጆሮዬ አንሾካሾከ።

«አልቀመጥም» አለ መምህሩ። «ጋሼን ላመሰግን ነው የመጣሁት። ጋራዥ ዘይት ሲቀይሩልኝ የመከሩኝን አሰብኩበት። በክረምት መኪና የሚሸጥ ይከስራል፣ በጋ እስኪገባ ጠብቅ አላሉኝም? ልክ ነዎት። እጠብቃለሁ።»

የእህቴ የስፌት መኪና ቆመ።

«እሱማ…» አለ አጎቴ፤ «ለደንበኛ ሁሉ የምለው ነው።»

«እግዜር ይስጥልኝ» ብሎ መምህሩ በደስታ ወጣ።

እናቴ ወንድሟን አየችው። «አንተ ሰው፣ እግዜር ለጆሮህ ከሰጠህ ላይ ቀንሶ ለአፍህ ልጓም ቢያበጅልህ ምን ነበረበት?»

«አፌ ለምዶ ነው እንጂ እያወቅኩ መሰለሽ?» ወንበሩን ወደ እህቴ ሳበ። «ስሚኝማ የኔ እመቤት። እንዲያውም ከዚህ የሚሻል ጊዜ አለ። ክረምቱ ሊወጣ ሲል ሰው አዲስ መኪና ያምረውና አሮጌውን…»

እህቴ ጨርቁን ከመርፌው ሥር አወጣች። ክሩን በጠሰች። መቀሱን ምስማሩ ላይ ሰቀለች፣ ጫማዋን አጠለቀች።

«ወዴት ነው?» አልኳት። «በዚህ ዝናብ?»

«ጃንጥላ ያዢ እንጂ» አለች እናቴ።

አልያዘችም። ማንንም ሳታይ በሩን ከፍታ መምህሩን ተከትላ ወጣች።