ጓሮ የተሰጣው መረብ

«እኔ ነኝ የዘረጋሁት» ለማለት አፌን ምን ያዘው?

የልጅ ልጄ ሃሴት ከከተማው በስተሰሜን ካለው ጫካ ለጥናት ወፎችን በቀጭን መረብ ትይዝና እግራቸው ላይ ቁጥር ያለው ቀለበት አስራ ትለቃቸዋለች። ያን ቀን ልትጠግነው ቢከን ሂል ሰፈር ወዳለው ቤታችን ያመጣችውን መረብ ጠቅልላ ጓሮ አስቀምጣ ወጣች። እርጥብ ስለነበር እንዳይሻግት ብዬ እንደ ልብስ ገመድ ላይ አሰጣሁት። ከሰዓት ብቅ ስል አምስት ወፎች ተተብትበውበት የጎረቤት ድመት ይዘነጥላቸዋል። በመጥረጊያ ስደበድበው ክንዴን ቦጨቀኝ። ወፎቹም ከዱላዬ አልተረፉም።

ልጄ አክሊሉ ደሜን ሲያይ ሃሴትን በር ላይ ጠብቆ የሞቱትን ወፎች እግሯ ሥር ወረወረ።

«ለወፍ ስትዪ እናቴን ልታስበዪ ነው?»

«ኖ ዳዲ፣ እኔ ሮል አድርጌው ነው የሄድኩት።»

«ታዲያ ወፎቹ ናቸው የፈቱት?»

በጥፊ ሲላት ከንፈሯ ተሰነጠቀ። ወደ እኔ ዞረች።

«እማማ፣ ንገሪው እንጂ።»

ብናገር እኔን እናቱን ምን ሊያደርገኝ ኖሯል? አቀርቅሬ ክንዴን በፎጣ ጠቀለልኩ። ሁለተኛው ጥፊ ከግድግዳው ጋር አላተማት።

ሃሴት ወፎቹን አንድ በአንድ ለቅማ በጃኬቷ ያዘችና ከቤት ወጣች።