የመርዶ ልምምድ

ዱርሲቱ ነገሳ የቴአትር ጥበባት የሦስተኛ ዓመት ተማሪ ነበረች። ዶርም ቢደርሳትም እናቷን ብቻዋን ትታ ማደር ስላልሆነላት ከዓለም ገና በታክሲ እየተመላለሰች ነው የምትማረው። እናቷ ተረፈች እቤቷ ውስጥ የተማሪ ዩኒፎርም ትሰፋለች። አባቷ ነገሳ የጭነት መኪና ሾፌር ነበር። ዱርሲቱ አሥራ አንድ ዓመቷ ላይ ጅማ መንገድ ላይ በደረሰ ግጭት ሞተ።

በሁለተኛው ሴሚስተር አጋማሽ የትወና መምህሯ ወንዳፍራሽ ክፍል ገቡና አንድ የሕክምና ትምህርት ቤት ተዋንያን እንደሚፈልግ ነገሯቸው። የመጨረሻ ዓመት የሕክምና ተማሪዎች ፈተና አለባቸው፤ ከፈተናዎቹ አንዱ ለቤተሰብ የሞት ዜና መንገር ነው። ቤተሰብ የሚሆን ሰው ያስፈልጋል። ተፈታኞቹ አሥራ ሁለት ናቸው፤ ለእያንዳንዳቸው ስምንት ደቂቃ።

"ተመልካች የለም፤ ጭብጨባም የለም" አሉ ወንዳፍራሽ። "ግን ከዚህ የከበደ የትወና ሥራ አላገኝላችሁም።"

ለዱርሲቱ የደረሳት ወረቀት እንዲህ ይል ነበር፦ ወ/ሮ አቤኒ፣ ሠላሳ አራት ዓመት፣ የሁለት ልጆች እናት። ባለቤቷ በመኪና አደጋ ተጎድቶ ድንገተኛ ክፍል ገብቷል። ሞቷል። እሷ ገና አላወቀችም።

መምህሩ የአባቷን ነገር አያውቁም፤ እሷም ነግራቸው አታውቅም። ወረቀቱን ከሌላ ተማሪ ጋር መቀየር ትችል ነበር፤ አልቀየረችም። ለምን እንደሆነ በኋላም በደንብ ማስረዳት አልቻለችም። ይህንንማ አውቀዋለሁ ብላ ሳይሆን አይቀርም።

ልምምዱ የተደረገው ፈተናውን በሚመሩት ሐኪም፣ በዶክተር አትክልት ፊት ነው። ሐኪሙ ራሳቸው እንደ ተፈታኝ ሆነው ገቡና ነገሯት። ዱርሲቱ ጮኸች፣ ደረቷን መታች፣ መሬት ላይ ወደቀች። ዶክተሩ እስክትጨርስ ጠበቁ።

"ይህን አሥራ ሁለት ጊዜ ትደግሚዋለሽ?"

"እሞክራለሁ።"

"አሥረኛው ጋ ድምፅሽ ይዘጋል። ለመጀመሪያው ያደረግሽውን ለመጨረሻውም ካላደረግሽ ፈተናው ፍትሐዊ አይሆንም። ደግሞ አንቺ ስትጮኺ ተማሪው የሚሠራው የለውም፤ ቆሞ ነው የሚያይሽ።"

ደረጃውን ሲወርዱ ወንዳፍራሽ ጠየቋት። "ለቅሶውን ከየት ነው የወሰድሽው?"

"ከለቅሶ ቤት።"

"ለቅሶ ቤት ያለ ሰው ሰምቶ የጨረሰ ነው። ያንቺዋ ሴት ገና አልሰማችም።"

ይህ አነጋገር ታክሲ ውስጥም አልለቀቃት። ቅዳሜ ጠዋት ተነስታ ሰበታ፣ ኦቦ ቀጄላ ቤት ሄደች። ኦቦ ቀጄላ የክር ፋብሪካ ጥበቃ የነበሩ፣ አሁን ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። በዚያ አካባቢ ሰው ሲሞት ለቤተሰቡ የሚያረዱት እሳቸው ናቸው፤ ማንም አልሾማቸውም፣ ሰው ለምዶ ነው የሚጠራቸው። የነገሳንም መርዶ ይዘው የመጡት እሳቸው ነበሩ። ከዚያ ቀን ወዲህ ዱርሲቱ መንገድ ላይ ስታገኛቸው ሰላምታ ከመስጠት በቀር አውርታቸው አታውቅም።

ጓሮ ሆነው ጌሾ ሲያጠጡ አገኘቻቸው።

"አካም ቡልታን፣ ኦቦ ቀጄላ" ብላ በኦሮምኛ እንዴት አደሩ አለቻቸው።

"ነጋ። አካም ቡልቴ፣ ኢንተላ ኮ፣ ልጄ። ተረፈች ደህና ናት?"

የመጣችበትን ነገረቻቸው። ጆጉን አስቀመጡ።

"ሰው ሳይሞት መርዶ?"

"ለፈተና ነው። ሐኪሞቹ አነጋገሩን እንዲለምዱት።"

"አንቺ ነሽ የምትነግሪው?"

"አይ፣ እኔ የሚነገረኝ ነኝ።"

ጥቂት አሰቡና እጃቸውን ታጥበው ዱካ ላይ ተቀመጡ። "ቢለምዱትስ ደግ ነው" አሉ። "የወንድሜን መርዶ ሆስፒታል ኮሪደር ላይ፣ ሰው እየተጋፋን ነው የነገሩኝ።"

ከዚያ እንዴት እንደሚያደርጉ አጫወቷት። መጀመሪያ ቤቱን ያያሉ። እሳት ላይ የተጣደ ነገር ካለ አንዲት ሴት ቀድማ ገብታ ታወርደዋለች። እርጉዝ እንዳለች፣ ግፊት ያለበት ሰው እንዳለ ይጠይቃሉ። ሕፃን የታቀፈች ከሆነች ሕፃኑን ይቀበሏታል። ከዚያ ተቀምጠው ዝም ይላሉ።

"ከዚያስ?"

"ከዚያማ ሰውየው ራሱ ይጠይቃል። እኔ ቀድሜ አልናገርም።"

ዱርሲቱ መጠየቅ የፈለገችውን ለመጠየቅ ጊዜ ወሰደባት። "እኛ ቤት የመጣችሁ ዕለትስ?"

"ታስታውሺዋለሽ?"

"እማዬ ስትጮህ አስታውሳለሁ። መሬት ላይ ስትወድቅ።"

ኦቦ ቀጄላ ራሳቸውን ነቀነቁ። "እሷ አይደለችም። የጮኸችው አክስትሽ ናት፤ የወደቀችውም እሷው ናት። እናትሽ ልብስ እያጠበች ነበር። አምስት ሆነን ስንገባ አየችን። 'አንዴ ቆዩኝ፣ ይህን ላስጣው' አለች። የአባትሽን ቱታ ነው። ጨመቀችው፣ አሰጣችው፣ እጅጌውን አቃናች። ከዚያ ሌላ ልብስ አነሳች። አምስት ትልልቅ ሰዎች ቆመን ልብስ አሰጥታ እስክትጨርስ ጠበቅናት። ሳፋው ባዶ ሲሆን እጇን ቀሚሷ ላይ ጠርጋ መጥታ ተቀመጠች። 'የት ላይ ነው?' አለችን። ሌላ ነገር አላለችም።"

ዱርሲቱ አሥር ዓመት ሙሉ የእናቷ ነው ብላ የያዘችው ጩኸት የሰው ሆኖ ተገኘ። ባለፈው በዶክተሩ ፊት የጮኸችውም ያንኑ ነበር። ባጃጅ ይዛ እቤቷ ስትደርስ ተረፈች የስፌት መኪናዋ ላይ ተቀምጣ ኮሌታ ትሰፋለች።

"ኦቦ ቀጄላ ጋ ሄጄ ነበር።"

"ምን አገናኛችሁ?"

ነገረቻት፤ የፈተናውንም፣ የልብሱንም። የመኪናው ድምፅ ቆመ።

"በሩን ሲያልፉ ነው ያወቅኩት" አለች ተረፈች። "ሁሉም ባርኔጣቸውን አውልቀው ነበር።"

"ታዲያ ለምን ልብስ ታሰጫለሽ?"

"ሳልቀመጥ አይነግሩኝም፤ እሱን አውቃለሁ። ካልነገሩኝ ደግሞ ገና ነው።" መርፌው ላይ ያለውን ክር በጥርሷ በጠሰች። "የጮህኩ መስሎሽ ነው እስከ ዛሬ የኖርሽው?"

"አዎ።"

"ብጮህ ይሻለኝ ነበር።"

ቆይታ ተረፈች "እና እኔን ነው የምትሠሪው?" አለች፤ በቁጣ አይደለም፣ ማወቅ ፈልጋ ነው።

"አይደለም። ሌላ ሴት ናት። አቤኒ ትባላለች።"

"ልጆች አሏት?"

"ሁለት።"

"እንግዲያው ማን ጋ ትታቸው እንደመጣች እወቂ። መጀመሪያ ጭንቅላት ውስጥ የሚገባው እሱ ነው።"

የፈተናው ዕለት ክፍሉ ውስጥ አንድ ጠረጴዛና ሦስት ወንበር ብቻ ነበር። ዶክተር አትክልት ጥጉን ይዘው ወረቀታቸውን ጉልበታቸው ላይ ዘርግተዋል። ዱርሲቱ ነጠላ አጣፍታ፣ ቦርሳ ይዛ ተቀመጠች። የእሷ አቤኒ አትጮህም። ሐኪሙ ሲገባ ቦርሳዋን ከፍታ "ካርዱን አምጪ ብለውኝ ነበር፤ እዚሁ ነው ያደረግኩት" እያለች ትፈልጋለች። እስክታገኘው ድረስ ማንም ምንም አይነግራትም። ከተነገራት በኋላ እጇ ይቆማል፤ "ልጆቹን ጎረቤት ጋ ነው የተውኳቸው" ትላለች። ለአሥራ ሁለቱም እንዲሁ፣ ሳትጨምር ሳትቀንስ።

የመጀመሪያው ተማሪ እሷ ቦርሳዋን እየፈተሸች ሳለ በላይዋ ላይ ተናግሮ ጨረሰ። ሦስተኛዋ የተጎዳውን የአካል ክፍል ሁሉ በሕክምና ቋንቋ ዘረዘረችላት። አምስተኛው ሰዓት አየ። ሰባተኛዋ ራሷ ስታለቅስ ዱርሲቱ ሶፍት ልትሰጣት እጇን ዘርግታ፣ ተፈታኞቹን እንዳትረዳ መባሏ ትዝ ሲላት መለሰችው። ከአምስተኛው በኋላ "ባለቤትዎ አርፈዋል" የሚለው ቃል እንደ ታክሲ ረዳት ጥሪ ሆነባት፤ ትሰማዋለች፣ ግን የትም አይደርስም።

ዘጠነኛው ቀጠን ብሎ ረጅም ነበር፤ የጋውኑ እጅጌ አጥሮታል። ስሙን ኦዳ አለ። ቦርሳዋን ስትፈትሽ አይቶ አልተናገረም። ፊት ለፊቷ የነበረውን ወንበር አዞረና ጎኗ ተቀመጠ።

"ካርዱን እዚሁ ነው..."

"ካርዱ ይቆይ፣ ወ/ሮ አቤኒ። ከማን ጋር መጡ?"

"ብቻዬን።"

"ልጆቹስ የት ናቸው?"

እስካሁን ማንም አልጠየቃትም ነበር። "ጎረቤት ጋ።"

"የጎረቤትዎን ስልክ ይዘዋል? ብንጠራት ጥሩ ነው።" ውሃ ቀድቶ ሰጣት። ከዚያ ዝም ብሎ አጎነበሰ።

የዱርሲቱ እጅ ቦርሳው ውስጥ እየዘገየ መጣ። የእናቷ ሳፋ ባዶ ሲሆን ምን እንደተሰማት አሁን ገባት። ቀና ብላ አየችው። "እሱስ?" አለች።

"ብዙ ሞከርን" አለ ኦዳ። "በጣም ደከመብን። አልቻልንም።" ሌላ ነገር ሊል ከንፈሩን አላቀቀ፤ ደወሉ ተደወለ።

ከእያንዳንዱ ተፈታኝ በኋላ የምትሞላው ቅጽ ነበራት። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ጥያቄዎች ለኦዳ ሙሉ ነጥብ ሰጥታ አለፈች። ሦስተኛው "ሐኪሙ ሞቱን በግልጽ ነግሮሻል?" ይላል፤ አዎ ወይም አልነገረኝም። እዚያ ላይ እስክሪብቶዋ ቆመ። ባዶውን ትታ ሌሎቹን ጨረሰችና መጨረሻ ላይ ወደ ዶክተሩ ሄደች።

"ዘጠነኛው 'ሞተ' አላለም። ግን ከአሥራ ሁለቱ ባሌ እንደሞተ የገባኝ ከእሱ ነው።"

"አንቺማ ወረቀቱን አንብበሻል" አሉ ዶክተር አትክልት። መነጽራቸውን አወለቁ። "ተለማማጅ ሳለሁ ለአንዲት ሴት 'ባለቤትሽ ደክሟል' አልኳት። የተረዳች መሰለኝ። እሺ ብላ ሄደች። በማግሥቱ ምሳ ቋጥራለት መጣች። ያ ጥያቄ እዚያ የገባው በእሷ ምክንያት ነው።"

ዱርሲቱ "አልነገረኝም" የሚለው ላይ ምልክት አደረገች። ኦዳ ያንን ፈተና በሳምንቱ እንዲደግም ተወሰነ። በልጁ ላይ ያሳበቀች ያህል ከበዳት።

እሑድ ኦቦ ቀጄላን ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ አግኝታ ነገሩን አጫወተቻቸው። ይደግፉኛል ብላ ጠብቃ ነበር።

"ሐኪሙ ልክ ናቸው" አሉ።

"አንቱ አልናገርም አላሉም?"

"ቀድሜ አልናገርም ነው ያልኩሽ። ሲጠይቀኝ እናገራለሁ። ቃሉን ሳልናገር ከማንም ቤት ወጥቼ አላውቅም። እናትሽን 'ነገሳ ሞቷል' ያልኳት እኔ ነኝ፣ በዚህ አፌ።" ትንሽ እንደሄዱ ቆም አሉ። "ከዚያ በኋላ ሦስት ቀን እህል አልበላልኝም። ይህን ለተረፈች አትንገሪያት።"

ረቡዕ ያው ክፍል ውስጥ ኦዳ ገባ። እንደ ባለፈው ጎኗ ተቀመጠ፤ ስለ ልጆቹ ጠየቀ፤ ውሃ ሰጠ። ዝም አለ። ዱርሲቱም በጊዜዋ ጠየቀችው። "እሱስ?"

አፉን ከፍቶ ዘጋ።

"ባለቤትዎ ሞተዋል፣ ወ/ሮ አቤኒ" አለ። ድምፁ ዝቅ ያለ ነበር፤ ቃሉን ግን አልዋጠውም። ተናግሮም አልተነሳም።

አሥራ ሁለት ጊዜ ያለችው ዓረፍተ ነገር ሊወጣላት አልቻለም። ልጆቹን ልትል ፈልጋ አፏ ታሰረ። ያለ ድምፅ አለቀሰች፤ እንባዋ አገጯ ላይ ሲደርስ እንኳ አልጠረገችውም። ኦዳ እስከ ደወሉ ድረስ አብሯት ተቀምጦ ቆየ። ዶክተር አትክልት ሊጽፉ አጎንብሰው ነበር፤ መጻፋቸውን ትተው ጠበቁ።

በኋላ ኮሪደሩ ላይ ኦዳ አገኛት። ማለፉን ነግረውታል።

"ባለፈው የጣልሽኝ አንቺ ነሽ አይደል?"

"እኔ ነኝ።"

"አኩርፌሽ ነበር።" ጋውኑን አጣጥፎ ክንዱ ላይ አደረገ። "የጫንጮ ልጅ ነኝ። እኛ ጋ ይህን የሚናገረው ትልቅ ሰው ነው። እኔን ማን ትልቅ አደረገኝ ብዬ ፈራሁ።"

"አሁንስ?"

"አሁንም እፈራለሁ። ግን በሚቀጥለው ወር ድንገተኛ ክፍል ነው የምመደበው።"

እቤት ስትገባ ተረፈች ዩኒፎርም እየቆረጠች ነበር። ቀና ሳትል "ሴትየዋ እንዴት ሆነች?" አለቻት፤ አቤኒን ሰፈር ውስጥ እንዳለች ሴት አድርጋ።

"ነገሯት።"

"ቁጭ ብለው?"

"ቁጭ ብለው።"

"እ" አለች ተረፈች። መቀሱን አስቀመጠችና የጨርቁን ጫፍ እንድትይዝላት ለልጇ ሰጠቻት። ከዚያ ማንም ሳይጠይቃት ስለ ነገሳ ማውራት ጀመረች፤ ስለ ሞቱ አይደለም። መጀመሪያ ሲተዋወቁ ሱሪ ላሳጥር ብሎ ነበር የመጣው። አሳጠረችለት። በሦስተኛው ሳምንት ያንኑ ሱሪ ይዞ መጣ፤ አጥሮብኛልና አስረዝሚልኝ ብሎ።

"አስረዘምሽለት?"

"ጨርቁን ቆርጬ ጥዬዋለሁ፣ በምን ላስረዝመው?" አለች ተረፈች። "በሌላ ጨርቅ ቀጠልኩለት፤ ቀለሙም አይመሳሰልም። እሱ ግን ለብሶት ሄደ።"