መሬት የሚጠርግ ቬሎ

ሙሽራዪቱ የብርጓል ቬሎ መምረጥ ከጀመረች ሳምንት ሊሞላት ነው፤ የነፊሳም ትዕግሥት አልቋል።

ነፊሳ ሙሔ ገበያው አጠገብ ካለው የአባቷ ጨርቅ መሸጫ ጓሮ የስፌት መኪናዋን ዘርግታ ለባሕር ዳር ሙሽሮች ቬሎ የምታከራይ፣ የጠበበውን የምታሰፋ፣ የሰፋውን የምታጠብ ሴት ናት። ያሏት ቬሎዎች ጥቂት ናቸው። ሁሉም ከአሥመራ የመጡት ዕቃ እንደ ልብ በሚገኝበት ዘመን ነው፤ አብዮቱ ከፈነዳ ወዲህ አንድም አልተጨመረባቸውም። ስለዚህ የከተማው ሙሽራ ሁሉ ተራ በተራ እነሱኑ ለብሶ ነው የተዳረው። ስንት ሠርግ አይታችኋል ተብለው ቢጠየቁ ቬሎዎቹ ራሳቸው ሳያፍሩ አይቀሩም።

«ይኸስ?» አለች ነፊሳ የመጨረሻውን አንሥታ።

«ያጥራል።»

«ያጥራል? ያ አላህ! ድንኳን የሚያህል ነገር ምኑ ነው የሚያጥረው?»

«ጫማ ያሳያል።»

ነፊሳ ቬሎውን አስቀመጠችው። ነገሩ ገባት።

የብርጓል ሕፃን ሆና ታማ ስትድን የግራ እግሯ ከቀኙ አጥሮ ቀረ። ስትራመድ ወደ ግራ ዘንበል ትላለች። በቃ፣ ይኸው ነው። ሌላው ነገሯ እንኳን ለባሕር ዳር ለጎንደርም ይተርፋል፤ ዓይን ካሉ ዓይን፣ ጥርስ ካሉ ጥርስ፣ ምላስ ካሉማ አይነሣ! የቀበሌው ታይፒስት ናት፤ ሊቀ መንበሩ እንኳን ጉሮሮውን ጠርጎ ነው የሚያናግራት። የእግሯ ነገር ሲነሣ ግን ያ ምላስ ይታሰራል። ቀሚሷ ሁልጊዜ ከቁርጭምጭሚቷ በታች ነው። ግብዣ ቤት ከሰው ሁሉ ቀድማ ገብታ ትቀመጣለች፤ የምትነሣውም ሰው ሁሉ ከወጣ በኋላ ነው።

«ስሚኝ ነፊሳ» አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ሙሽራ ስትገባ ሰው የሚያያት ከላይ እስከ ታች ነው። የዚያን ዕለት እግሬን ሳይሆን እኔን እንዲያዩኝ እፈልጋለሁ። መሬት የሚጠርግ አድርጊልኝ።»

ነፊሳ ዓይኗ ዕንባ አቀረረ፤ ግን ሆደ ባሻ መባል ስለማትወድ ተቆጣች። «አለቀ! እቀጥልበታለሁ። የማዘጋጃ ቤቱን ጠራጊዎች ሥራ ልታስፈቺ ነው እንጂ!» አለችና ከተቀደደ አሮጌ ዓይነ ርግብ ላይ ዳንቴሉን መቁረጥ ጀመረች።

የብርጓል ያልነገረቻት ሌላም ነገር ነበር። የሙሽራው ነገር ነበር።

እጮኛዋ ክንዱ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ መካኒክ ነው። ደግ ነው፤ ሥራ ወዳድ ነው፤ ቃል ግን ከአፉ የሚወጣው እንደ ቀበሌ ስኳር በራሽን ነው። ከተጫጩ ጀምሮ እሑድ እሑድ ጣና ዳር ይንሸራሸራሉ። እስከ ዛሬ ስለ እግሯ ትንፍሽ ብሎ አያውቅም። መጀመሪያ ይህ ነገሩ ደስ አላት። ሠርጉ ሲቃረብ ግን ያው ዝምታ ያስፈራት ጀመር። አይቶ፣ ይሁን ብሎ ነው ዝም ያለ? ወይስ ላለማየት ፊቱን እያዞረ ነው? ፊቱን የሚያዞር ከሆነ ዕድሜ ልኩን ሊያዞር ነው። አብሮ ኖሮ የማያያት ባል ምን ያደርግላታል?

ደግሞ አንድ የሚያናድዳት አመል አለው። ሲሄዱ ሐይቁን በቀኝ አድርገው፣ ወደ ውሃው ባዘቀዘቀው ሣር ላይ ቀስ እያሉ ይሄዳሉ፤ ጥላ ነው፣ ነፋስ ነው፣ ሰው የለም። ለመመለስ ሲሆን ግን ክንዱ ወደ አስፋልቱ ይታጠፋል። «በመጣንበት እንመለስ» ስትለው «በአስፋልቱ ይሻላል» ይላል፤ ሌላ ቃል የለም። አስፋልቱ ላይ ደግሞ የከተማው ዓይን ግራና ቀኝ ተሰልፎ ይጠብቃታል። «ይህ ሰውዬ ፈጽሞ አያስብም» ትላለች በሆዷ፣ እያነከሰች።

ሠርጉ እሑድ፣ ጥሎሹ ሐሙስ ሆነ። የወንድ ወገን ለሙሽራዋ የገዛውን በሻንጣ ይዞ መጥቶ በሽማግሌ ፊት አንድ በአንድ እያነሣ ያሳያል፤ የሴት ወገን ደግሞ እንከን ያወጣል። ልማድ ነው፣ ማንም አይቀየምም። ሙሽራው ራሱ አይገኝም። የየብርጓል አባት በሕይወት ስለሌሉ እንከን አውጪው አጎቷ አቶ ተክለ ጊዮርጊስ ሆኑ። ከደልጊ በጀልባ የመጡት ለዚሁ ነው። ድምፃቸው ከእሳቸው በፊት ይገባል።

የብርጓል በልማዱ መሠረት ጓዳ ናት። ነፊሳ ቬሎውን ለመጨረሻ ጊዜ ልትለካ መጥታ፣ አልብሳት፣ ከእግሯ ሥር ተንበርክካ ዳንቴሉን በመርፌ ትይዛለች። ቀሚሱ እንደተባለው መሬት ይጠርጋል። የብርጓል በመጋረጃው ቀዳዳ ሳሎኑን ታያለች።

የክንዱ አጎት አለቃ ወልደ ሐዋርያት ሻንጣውን ከፍተው «ካባ!» አሉ።

«ካባስ ካባ ነው» አሉ አቶ ተክለ ጊዮርጊስ እየዳበሱ። «ጥለቱ ግን ቀጥኗል። ወርቁን ማን በላው?»

ሰው ሳቀ። የወርቁ ድሪ ወጣ፤ አጠረ ተባለ። ጉትቻው ወጣ። «ይኸ ለዶሮ ነው ለሰው?» ተባለ። ጓንቱ፣ ሽቶው፣ ጥላው ሁሉ እንከን ወጣለት። የብርጓል ጓዳ ሆና አፏን ይዛ ትስቃለች። እናቷ ወይዘሮ የሻረግም ወንድማቸውን «ኧረ በቃህ!» እያሉ ይስቃሉ።

ከዚያ አለቃ ከሻንጣው ሥር በወረቀት የተጠቀለለ ነገር አወጡ። ይኸን ጊዜ የክንዱ አንደኛ ሚዜ ሣህሉ ከመቀመጫው ብድግ አለ፤ ፊቱ ዐመድ መስሏል። ግን ዘግይቷል። አቶ ተክለ ጊዮርጊስ ከአለቃ እጅ ተቀብለው ወረቀቱን ፈተው ሁለት ነጫጭ ጫማዎች ከፍ አድርገው ለሰው አሳዩ።

«ኧረ ጉድ! ይኸ ደግሞ ምንድን ነው? የአንዱ ታኮ ወፍራም፣ ያንዱ ቀጭን! በጨለማ ነው እንዴ የገዛችሁት? ለኛ ልጅ ሁለት ዓይነት...»

ድምፃቸው ተቆረጠ። ትዝ አላቸው።

አንድም ሰው አልሳቀ። ጫማዎቹ በአቶ ተክለ ጊዮርጊስ እጅ ከፍ ብለው ቀሩ፤ ማውረድም ጨነቃቸው። የብርጓል ከመጋረጃው ኋላ ቆማ ታያለች። ዕድሜዋን በሙሉ በቀሚስ ስትሸፍነው የኖረችው ነገር ይኸው ሳሎን መሐል ተሰቅሏል። መሬት ተከፍታ ብትውጣት ምንኛ በወደደች።

«ጥፋቱ የኔ ነው» አለ ሣህሉ። «ክንዱ ይኸን ሻንጣው ውስጥ እንዳትከት፣ ለነፊሳ በእጇ ስጣት ብሎኝ ነበር። በግርግሩ ረሳሁት።»

ሣህሉ ደግሞ ዝምታ የሚችል ልጅ አይደለም፤ ዝም ባሉት ቁጥር ይለፈልፋል።

«ስሕተት እንዳይመስላችሁ፤ ሆን ተብሎ ነው የተሠራ። ክንዱ ጫማ ሰፊውን ስንቴ አስፈረሰው! ልኩን ከየት አመጣኸው ብዬ ጠየቅሁት፤ ከጣና ዳር አለኝ። ዳሩ ወደ ውሃው ያዘቀዝቅ የለ? ውሃው በቀኟ ሲሆን የግራ እግሯ ከፍ ካለው ላይ ያርፋል፤ ያን ጊዜ ቀጥ ብላ ነው የምትሄድ፣ አይደክማትም አለኝ። በዚያው ስንመለስ ግን ግራዋ ወደ ዝቅተኛው ስለሚሆን ትሠቃያለች፤ በአስፋልት የምመልሳት ለዚያ ነው አለኝ። አንድ ቀን ሸኝቷት ተመልሶ ሄደና ጭቃው ላይ ያለ ዱካዋን ፈልጎ፣ ውሃ ልክ አስቀምጦ፣ የግራው ከቀኙ በስንት እንደሚበልጥ ለካው። ለማንም እንዳትናገር ደግሞ ብሎኛል...» ቆም አለ። «ወይኔ! ተናገርሁት እኮ!»

ከሴቶቹ መሐል አንዷ አፍንጫዋን ሳበች። አለቃ ወልደ ሐዋርያት ጣራ ጣራ ያያሉ።

የብርጓል እሑዶቹን አንድ በአንድ አስታወሰቻቸው። ሣሩ ላይ ሲሄዱ እግሯን ትረሳው ነበር። ለምን እንደምትረሳው ጠይቃ አታውቅም። ያ ዝምተኛ፣ ያ አያስብም ያለችው ሰው፣ ለካ ይኸን ሁሉ ጊዜ እግሯን ሲያይ ነው የኖረው! ደስታው ደረቷን ሞላው፤ ደግሞ አፈረች፤ ደግሞ በጣም ተናደደችበት። አንዲት ቃል ቢነግራት ምን ነበረበት? ዕንባዋ በጉንጯ ወረደ።

መጋረጃውን ገለጠችው።

«ወዴት ነው?» ነፊሳ ቀሚሱን ይዛ ጎተተች። «ሙሽራ አይወጣም! ወላሂ በቬሎ ደግሞ!»

«ልጄ!» አሉ እናቷ ከወዲያ።

የብርጓል ወጣች። ዳንቴሏን ወለሉ ላይ እየጎተተች፣ እያነከሰች፣ በዚያ ሁሉ ሰው መሐል አልፋ በርጩማ ላይ ተቀመጠች። «አጎቴ፣ ይስጡኝ» አለች።

አቶ ተክለ ጊዮርጊስ አልሰጧትም። ጉልበታቸው እየተንቋቋ ራሳቸው ተንበረከኩ። «ይቅር በይኝ፣ ልጄ። ይኸ አፌ...»

«ተዉ እንጂ አጎቴ! ምን አጠፉ? ሁለት ዓይነት እግር ላለው ሰው ሁለት ዓይነት ጫማ ነው የሚገዛ።»

ስለ እግሯ በሰው ፊት ስትናገር ይህ የመጀመሪያዋ ነበር። ቀድማ የሳቀችውም እሷው ናት። ከዚያ ቤቱ ሁሉ ሳቀ፤ አቶ ተክለ ጊዮርጊስ ግን እያለቀሱ ነበር ጫማውን ያጠለቁላት።

ተነሣች። አንድ ረገጠች፣ ደገመች። ትከሻዎቿ እኩል ሆኑ። ወይዘሮ የሻረግ ያንን ሲያዩ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ያዙ።

አለቃ ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ «እንግዲህ የሴት ወገን ምን ትላላችሁ?» ብለው ጠየቁ።

አቶ ተክለ ጊዮርጊስ ዕንባቸውን በጋቢያቸው ጠረጉ። «የካባው ጥለት ቀጥኗል፤ ብያለሁ፣ ቃሌን አላጥፍም። ጉትቻውም ለዶሮ ነው። ጫማው ግን...» ቆም አሉ። «ጫማው እንከን የለበትም።»

እልልታው ቀለጠ።

ጓዳ ስትመለስ የብርጓል እጇን ዘረጋች። «ነፊሳ፣ መቀስሽ የታለ?»

«ምን ሊያደርግልሽ?»

«ቁረጭልኝ።»

ነፊሳ ራሷን ያዘች። «አብደሻል? ዓይኔ እስኪጠፋ የቀጠልሁትን ዳንቴል? ጠላት ነሽ አንቺ! ሙሽራ አይደለሽም፣ ጠላት ነሽ!» እየተሳደበች ተንበረከከች። መቀሱን አነሣች። «እሺ፣ እስከ የት?»

«ጫማው እስኪታይ።»

እሑድ ከሰዓት በኋላ ሙሽሮቹ ፎቶ ሊነሡ ጣና ዳር ወረዱ። ሚዜዎቹ ኋላ ቀሩ፤ ሁለቱ እንደ ልማዳቸው ሐይቁን በቀኝ አድርገው ሣሩ ላይ ሄዱ። ዓይነ ርግቧን ነፋሱ ያርገበግበዋል። ፎቶ አንሺው ጨርሶ ሲያሰናብታቸው ክንዱ እንደ ወትሮው ወደ አስፋልቱ ታጠፈ።

የብርጓል የኮቱን እጅጌ ያዘችው። «ዛሬ በመጣንበት እንመለስ።»

ክንዱ ፊቷን አየ፤ ከዚያ ጫማዎቹን አየ። «ሣህሉ ነገረሽ?» አለ።

«ለኔ ብቻ? ለሰው ሁሉ ነው የነገረ።»

ክንዱ እስከ ጆሮው ቀላ። እሷም ቃል አልጠበቀችም። ክንዱን ይዛ ዞረች፤ ቀጥ ብላም ሄደች፤ ሐይቁም በግራቸው ሆነ።