ሲና ለአባቷ የምታሳየው

ምላሷ ረጅም ነው ይሉኛል፤ ይበሉ። ያን ሰሞን ግን አፌን የዘጋሁት ለባሌ ብዬ ነው። ሸረፋ መርካቶ የልጆች ልብስ ይነግዳል። አረፋ ሳምንት ሲቀረው እዚህ ቡታጅራ ከባጃጅ ስወርድ ወደቅኩና ግራ እጄ ተሰበረ። ቢሰማ ሱቁን ጥሎ እንደሚመጣ አውቃለሁ፤ ዓመቱን የምንበላው ደግሞ ከዚያች ሳምንት ገበያ ነው። ለጎረቤቱ ሁሉ «ወላሂ፣ የነገረው ሰው ከእኔ ጋር አበቃ!» አልኩ።

የቀረችው የአራት ዓመቷ ሲና ናት። እሷን ምን ብዬ ላስምላት?

ማታ ከሱቁ ሲደውል ስልኩን ትነጥቀኛለች። ምን እንደምታወራ ልስማ ብዬ ስፒከር ላይ አደርገዋለሁ። ካሜራ እንኳ የሌለው ስልክ ነው። እሷ ግን ጀሶዬ ላይ አስጠግታ «አባ፣ እየው!» ትላለች።

«ምኑን፣ የኔ እናት?»

«ይሄንን!»

እሷ ያየችውን ነገር ሌላውም ሰው የሚያየው ይመስላታል። «ሥዕል ሥላ ነው» እላለሁ፣ ሳቄን ውጬ። እንዲህ ያለች የዋህ ልጅ የሰጠኝን አላህን አመሰገንኩ።

አንድ ቀን ወንድሟ ኡበይድ ኳሱን አልጋ ስር ደብቆ ወጣ። እኔ ቤት ስጠርግ አንስቼ ከበሩ ኋላ ጣልኩት። ልጁ ሲመለስ ሲና አፏን ይዛ ትንከተከት ጀመር።

«ምን ያስቅሻል?»

«አልጋ ስር ሊፈልግ ነው! ስታነሺው አላየማ!»

እውነትም አልጋው ስር ገባ። ኧረ በአላህ! ይህቺ ልጅ ይህን መቼ አወቀች? ማን ነገራት? ትናንት እኮ ዓይኗን በእጇ ከሸፈነች የተደበቀች የሚመስላት ነበረች። ደስ ብሎኝ ጉንጯን ሳምኳት። ቀጥሎ የሚመጣውን አላሰብኩም።

ማታ ሸረፋ ደወለ። ሲና እንደልማዷ ስልኩን ወደ ጀሶው አስጠጋችና ቆም አለች። ስልኩን አየች፣ እኔን አየች።

«አባ፣ አንተ አይታይህም አይደል?»

«አይታየኝም፣ እናቴ።»

«እኔ ልንገርህ። እማ እጇ ተሰብሯል። አንተ እንዳታውቅ ትፈልጋለች።»

ልነጥቃት ስል በአንድ እጅ አቃተኝ፤ አመለጠችኝ።

 ሸረፋ «ያማታል?» አላት።

«ምንም አያመኝም በይው!» አልኩ፤ ጥርሴንም አሳየኋት፣ የሳቅኩ ይምሰላት ብዬ።

ሲና ፊቴን ትክ ብላ አየችው።

«አያመኝም በይው ትላለች» አለችው። «ግን ያማታል።»

የገበያው ጫጫታ ገና አልበረደም፤ ከስልኩ ውስጥ ግን የሱቁ ብረት በር ተስቦ ሲዘጋ ሰማሁ።