ስምንቱም በአንድ ሆድ

ጥቅምት 18 ቀን 2014 ዓ.ም.፣ ሐሙስ፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ነበር። ከባድ መሣሪያ ከውጫሌ በኩል በተተኮሰ ቁጥር የሐይቅ ከተማ ቆርቆሮ ይንቀጠቀጣል። ሒክማ በሾፌሩ በኑርዬ ባጃጅ ውስጥ ተቀምጣ የኮሌጁን በር ታያለች። ወንድሟ ባድሩ ገብቶ አልወጣም።

ባድሩ ከኩዌት ሲመለስ ይዞ የመጣው ወርቅ ሳይሆን ሙያ ነበር። የኮሌጁን ምዝገባ፣ ውጤትና ደመወዝ ከየአሮጌው ኮምፒውተር ሰብስቦ ስምንት የሶፍትዌር ሰርቨር አድርጎ አንድ ትልቅ ማሽን ውስጥ ያስገባው እሱ ነው። ሒክማ አልገባኝም ስትለው፣

"አንድ ግቢ ውስጥ ያሉ ተከራዮች በያቸው" አላት። "እያንዳንዱ ጎረቤት እንዳለው አያውቅም፤ ግቢው ሁሉ የኔ ነው ይላል። ግቢው የተቃጠለ ዕለት ግን ሁሉም ሜዳ ላይ ናቸው።"

ለዚህም ነበር መጠባበቂያ ማሽን ይገዛ ብሎ ዲኑን አቶ ውበቱን ደጅ የጠናው። አቶ ውበቱ ስክሪኑ ላይ የተደረደሩትን ስሞች በጣታቸው ቆጠሩ።

"ስምንት ሰርቨር አለን እኮ! ዘጠነኛው ለጥሎሽ ነው?"

"ጋሼ፣ ወላሂ ብረቱ አንድ ነው። ስምንቱም በሱ ሆድ ውስጥ ናቸው። ቅጂውም እዚያው ነው።"

"ስምንት ያረገዘ ዘጠነኛ አያቅተውም፤ እሱኑ አስወልደው!"

ቢሮው በሳቅ አውካካ። ባድሩም አብሮ ሳቀ።

የዚያን ሐሙስ ጠዋት፣ ባድሩ ወደ ኮሌጁ ከመግባቱ በፊት፣ አቶ ውበቱ ቀድመው ከሸሹበት ከኮምቦልቻ ደወሉለት። "የልጆቹ ውጤት እንዳይጠፋ! ከስምንቱ አንዱን እንኳ ይዘህ ውጣ።"

"አንዱ ማለት ሁሉም ነው፣ ጋሼ" አለና ስልኩን ዘጋ። ወደ ሒክማ ዞሮ፣ "ያንቺም የሦስት ዓመት ውጤት እዚያ ነው። በጄኔሬተር ነው ያለው፤ በድንገት ከነቀልኩት ይበላሻል። ስምንቱን አንድ በአንድ ዘግቼ ላስተኛቸው።"

"ይቅር ባድርዬ፣ እንደገና እማራለሁ!"

አልሰማትም፤ ሮጦ ገባ። ጥቂት ቆይቶ በመስኮት ብቅ አለ፤ "ሂዱ! እደርስባችኋለሁ!"

ከግቢው ጀርባ አንድ ነገር ፈነዳ። ኑርዬ ሞተሩን አስነሣ። "እህቴ፣ እኔም ልጆች አሉኝ" አለ። ሒክማ ልትዘል ስትል ባጃጁ አስፋልቱን ይዞ ነበር።

ከተማውን የያዙት ታጣቂዎች ለቀው ሲወጡ ተመለሰች። የኮሌጁ ዘበኛ ከበደ መቃብሩን አሳያት። "በሩ ላይ ነው ያገኘነው፤ ብረቱን እንደታቀፈ። እስላሙም ክርስቲያኑም የቅሬ ዕድርተኛ ወጥቶ ቀበረው። ብረቱንማ ሌሎች ዘርፈው ወሰዱት።"

ሒክማ ትምህርቷን እንደገና ከአንደኛ ዓመት ጀመረች። በዓመቱ ኮሌጁ ሁለት ማሽን ገዛ፤ አንዱ ለመጠባበቂያ።